ድሬን ለማደሪያ ብቻ ለምታውቋት

መቼስ ታኅሣሥ በገባ ቁጥር ስልካችን እረፍት የለውም። ዩኒቨርሲቲ አብረውን የተማሩ፣ አንድ ቢሮ አብረውን የሠሩ፣ ስማቸው ቶሎ ትዝ የማይለን ሰዎች ሳይቀሩ ይደውሉና «እናንተ የድሬ ልጆች፣ ቁልቢ ልንሄድ ነው፤ ድሬ ላይ የት እንደር?» ይሉናል። ልብ በሉልን! ጋዜጠኝነት ስንማር አንድ ዜና ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምንና እንዴት የሚሉትን ስድስት ጥያቄዎች መመለስ አለበት ተብለናል። የእኛ ደዋዮች ግን ከስድስቱ አንዷን ብቻ መርጠው፣ እሷንም ለአልጋ ነው የሚያውሏት።

እንግዲህ ለብዙ ሰው ድሬዳዋ አልጋ ናት። ታኅሣሥ 18 ማታ ይተኙባታል፣ በ19 ደጋ ወጥተው ገብርኤልን ይሳለማሉ፣ ሲመለሱ ገበያ ገብተው ብርድ ልብስና ሽቶ ይገዛሉ፣ ከዚያ አዲስ አበባ ገብተው «ድሬ እኮ ትሞቃለች» ብለው ያወራሉ። አለቀ። ሙቀቷን ለማወቅማ ድሬ ድረስ መምጣት አያስፈልግም ነበር፤ የአየር ትንበያ ይናገራል።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ በስልክ ከምንመልስ አንዴ ጽፈን እንገላገል አልን። ከእኛ ምክር የምትፈልጉ ከሆነ እነሆ።

መቼና እንዴት

ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ኑ። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት። በግንቦትና በሰኔ ብትመጡ እኛም አናስተናግዳችሁም፤ እኛ ራሳችን ጥላ ፍለጋ ላይ ነን። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በመኪና ከ500 ኪሎ ሜትር ትንሽ ያልፋል፤ የመንገዱን ሁኔታ አጣርታችሁ በጠዋት ተነሱ። የጨርጨርን ተራሮች በብርሃን ማየት ያስፈልጋል፤ ደንገጎ ላይ መኪናው ቁልቁል መውረድ ሲጀምር ጃኬታችሁን አውልቃችሁ ቦርሳ ውስጥ ክተቱ፤ ከዚህ በኋላ አትፈልጉትም። በባቡር ለመምጣት ያሰባችሁ ደግሞ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር አለላችሁ። የጉዞ ቀኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ ስትወርዱ ድሬ የለችም ብላችሁ አትደንግጡ። አለች፣ ትንሽ መንዳት ነው።

ሁለት ሌሊት እደሩ። አንድ ሌሊት ያደረ ሰው ድሬን አላያትም።

ከዚራን በእግር፣ በጠዋት

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ መድረሻው ሐረር ነበር፤ ግን ያንን ተራራ መውጣቱ ወጪው ስለበዛ በግርጌው እንዲያልፍ ተደረገ። በ1902 (እ.ኤ.አ.) ሐዲዱ እዚህ ሲደርስ ከተማዋ ተቆረቆረች፤ መጀመሪያም «አዲስ ሐረር» ተብላ ነበር። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 (እ.ኤ.አ.) ስለሆነ፣ ድሬ ለዓመታት የመጨረሻዋ ጣቢያ ሆና ቆይታለች። ነጋዴው፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ የመኑ፣ ሕንዱ እዚህ ወርዶ እዚህ የቀረበት አንዱ ምክንያት ይኼ ነው።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ተነሱና ከዚራን በእግራችሁ ዙሩ። መንገዶቹ በማስመሪያ የተሠመሩ ይመስላሉ፤ ግራና ቀኙ ዛፍ ነው፤ በረንዳ ያላቸው የድሮ ቤቶች አሉ። ባጃጆቹ ገና አልበዙም፤ አየሩም በዚያ ሰዓት ብቻ ነው ቀዝቀዝ የሚለው። ከዚያ የድሮውን ባቡር ጣቢያ እዩ። እኛ «ሽመንደፈር» ነው የምንለው። ፈረንሳይኛ ነው፤ ግን ፈረንሳይኛ መሆኑን ሳናውቅ ነው ያደግነው፤ የሰፈር ስም ነበር የሚመስለን። በር ላይ ያሉትን ሰዎች በደንብ ሰላም በሉና ፈቃድ ጠይቁ። ከፈቀዱላችሁ ፉርጎዎቹን፣ የድሮ ማሽኖቹን፣ ጥገና ቤቱን ታያላችሁ። በዚህ ግቢ ደሞዝ ያልበላ ቤተሰብ ድሬ ውስጥ ጥቂት ነው፤ የሚያስጎበኛችሁ ሰው ስለ ሞተር ሲያወራ ስለ አባቱ የሚያወራ ቢመስላችሁ አትገረሙ።

የጥንት ነገር የሚያጓጓችሁ ካላችሁ ከከተማዋ አጠገብ ካለው ተራራ ላይ ፖርክ ኤፒክ የሚባል ዋሻ አለ። ተመራማሪዎች ከ40 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የነበሩ ሰዎች ለቀለም የተጠቀሙበትን ቀይ ድንጋይ በብዛት አግኝተውበታል፤ ከ4,000 በላይ ቁራጭ፣ ሲመዘን 40 ኪሎ ገደማ። ስለዚህ ድሬ ላይ መዋብ የጀመርነው ትናንት አይደለም። አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ፣ ውሃ ይዛችሁ፣ በጠዋት ውጡ።

ደቻቱን ስትሻገሩ

ከዚራንና መጋላን የሚለያቸው ደቻቱ ነው። አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ብቻ ስለሆነ እንግዳ ሁሉ ድልድዩ ላይ ቆሞ «ታዲያ ወንዙ የታለ?» ይላል። ይስቃልም። እኛ አንስቅም።

በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ ሰው በተኛበት ሌሊት ደቻቱ መጣ። ከ200 በላይ ሰው ወሰደብን። ቤት ወሰደ፣ ሱቅ ወሰደ። እኛ ያኔ ገና አንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። ትምህርት ቤት ሲከፈት ባዶ የሆኑ ወንበሮች ነበሩ፤ መምህራችን ስም ሲጠሩ የአንዳንዱን ዘለሉት። ማንም «ለምን ዘለሉት?» ብሎ አልጠየቀም።

ይህን የምንነግራችሁ ሐዘን ልናስቀምጣችሁ አይደለም። ምክር ስላለው ነው። የደቻቱ ውሃ የሚመጣው ከላይ ከደጋው ነው። ድሬ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ እናንተ ጃንጥላ ለፀሐይ ዘርግታችሁ፣ ተራራው ላይ የዘነበው ዝናብ በአሸዋው ሊመጣ ይችላል። በክረምት ከመጣችሁ ወደ ደቻቱ ከመውረዳችሁ በፊት የሰፈሩን ሰው ጠይቁ። ሰዎች ከአሸዋው እየሮጡ ሲወጡ ካያችሁ ደግሞ ስልካችሁን አውጥታችሁ አትቅረጹ፤ አብራችሁ ሩጡ።

ቀፊራና ሆዳችሁ

ድልድዩን ተሻግራችሁ መጋላ ገብታችኋል። እዚህ መንገዱ ቀጥ አይልም፤ ጠፍቶ መገኘት ነው። ቀፊራ ገበያን ለማግኘት ካርታ አያስፈልጋችሁም፤ ጆሯችሁን ተከተሉ። የቅስት በሮቹን አልፋችሁ ስትገቡ ከገጠር የመጡ እናቶች ወተቱን፣ አትክልቱን፣ ማገዶውን ይዘው ተቀምጠዋል። አንዷ ሻጭ አንዱን ደንበኛ በኦሮምኛ፣ ሁለተኛውን በሶማሊኛ፣ እናንተን በአማርኛ ታስተናግዳለች፤ ሒሳብ ግን በሦስቱም አትሳሳትም። «አካም» ብላችሁ ጀምሩ፣ ወይም «ኢስከ ዋራን» በሉ። ዋጋው ላይቀንስ ይችላል፤ ፊቷ ግን ይፈታል።

ቁርስ ፉል ወይም ማርና እንቁላል ያለበት ፈጢራ ብሉ። በወተት የፈላ ሻይ ጠጡ። ከቡና ገለባ የሚፈላ ሆጃ ካገኛችሁ አትለፉት። ፍራፍሬ ከቀፊራ ግዙ፤ ፓፓያ፣ ዘይቱን፣ ጊሽጣ። ማታ ደግሞ ፀሐይ ስትገባ መጋላ ጣፋጭ የሚሸጥባቸው ቤቶች በር ላይ ቁሙና ሙሸበክና ሐለዋ ቅመሱ። የስኳር መጠኑን አትጠይቁን።

ከሰዓት በኋላ

ከሰባት ሰዓት እስከ አስር ሰዓት ባለው ጊዜ ጉዳይ አትያዙ። ከተማዋ ትተኛለች፣ ያልተኛውም በርጫ ላይ ነው። ይጋብዟችኋል። ካልፈለጋችሁ «አልቅምም» ማለት ይበቃል፤ ሻይ ይቀርብላችኋል፣ ጨዋታው ለእናንተም ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ከአዲስ አበባ የሚመጡ አንዳንድ ወዳጆቻችን ድሬ ማለት ጫት፣ ጫት ማለት ጨዋታ ይመስላቸዋል። ጨዋታው እውነት ነው። ግን ከእኛ ጋር አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረሱት መካከል ዛሬም በዚያው ፍራሽ ላይ «ነገ እጀምራለሁ» እያሉ የሚውሉ አሉ። ጎበዝ ተማሪዎች ነበሩ። ሥራ ሲጠፋ ከሰዓት በኋላው ይረዝማል፣ ከሰዓቱ ሲረዝም ጠዋቱም ይሄዳል። እናንተ ለሁለት ቀን የምትዝናኑበት ነገር ለሌላው ዕድሜው ሊሆን እንደሚችል እያወቃችሁ ተቀመጡ። ይኸው ነው።

«አንተ» ሲሏችሁ

ባጃጅ ነጂው «አንቺ፣ የት ልውሰድሽ?» ይላል። የእናንተን እናት ዕድሜ የሚሆኑ ሴትዮም «አንተ» ይባላሉ ማለት ይቀረዋል! ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ ቦታ የለውም። ትንሹ ትልቁን «አንተ» ይለዋል፣ ትልቁም አይከፋውም። «ዋርያ!» ብሎ የጠራችሁም አልሰደባችሁም፤ «ስማ ልጅ» ማለቱ ነው። ጓደኛችን መጀመሪያ ድሬ የመጣች ጊዜ ስምንት ዓመት የማይሞላው ልጅ «አንቺ፣ ማስቲካ ግዢኝ» ቢላት ቀኑን ሙሉ ስትበሳጭ ዋለች። በሁለተኛው ቀን ባለሱቁን «አንተ» ስትል ሰማናት። ያኔ ድሬ ገባች አልን።

አንድ ጥያቄ አትጠይቁን

መጀመሪያ ከስድስቱ ጥያቄዎች አንዷን ብቻ ነው የምትጠይቁን ብለን ነበር። አሁን ደግሞ አንዷን እንዳትጠይቁን ልንለምናችሁ ነው። «የድሬ ልጅ ነኝ» ስንላችሁ «እሱማ ነው፤ ግን ምንድን ነሽ?» አትበሉን።

ድሬን «የፍቅር ከተማ» ብላችሁ እንደምትዘፍኑላት እናውቃለን። እኛም እንዘፍናለን። ዓሊ ቢራ የተወለደው እዚህ ነው፤ በ2015 ዓ.ም. እስካረፈ ድረስ በኦሮምኛም፣ በአማርኛም፣ በሶማሊኛም፣ በሐረሪም ዘፍኖልናል። ግን የከተማዋ አስተዳደር ወንበር ለብዙ ዓመት 40-40-20 በሚባል ቀመር ሲከፋፈል ነው ያደግነው፤ 40 ለኦሮሞ፣ 40 ለሶማሌ፣ 20 ለሌላው። ሥራ ፍለጋ ስንወጣ ከዲግሪያችን በፊት «ከየትኛው ነሽ?» የሚለው ይቀድማል። በ2011 ዓ.ም. ጥር፣ በጥምቀት ሰሞን ግጭት ሲነሳ ደግሞ ለቀናት ከበር መውጣት ፈርተን ተቀምጠናል። በዚያ ሰሞን ዳቦ በአጥር ያቀበሉን ጎረቤቶቻችን ምንድን እንደሆኑ ብትጠይቁን መልሱን እናውቀዋለን። አንነግራችሁም፤ ዳቦው ላይ አልተጻፈም ነበር።

ስለዚህ የፍቅር ከተማ ስትሉን ፍቅሩ ከሰማይ የወረደ አይምሰላችሁ። በየቀኑ የሚሠራ ሥራ ነው፤ ቀፊራ ላይ በሦስት ቋንቋ ሒሳብ እንደሚሠራው። እንግዳ ሊያግዘንም፣ ሊያበላሽብንም ይችላል። ጠጥታችሁ፣ በልታችሁ፣ «አንተ» ተብላችሁ ከሄዳችሁ አግዛችሁናል።

የት እንደር ላላችሁት፦ ከዚራ ውስጥ፣ ዛፍ ያለበት መንገድ ላይ፣ ማራገቢያው መሥራቱን አይታችሁ ያዙ። ለቁልቢ ከሆነ ግን ቀድማችሁ ያዙ፤ ታኅሣሥ 18 ማታ ደውላችሁ «አልጋ ጠፋ» ብትሉን እኛ ዘንድ ያለው ፍራሽ ብቻ ነው። እሱም አይከለከልም።