የሳንቶሪኒ ወይን እና የእማዬ ዘቢብ

እማዬ ጎንበስ ብላ አየችና «ይኼን እንቅብ ማን ሰፋው?» አለች።

እንቅብ አልነበረም፤ የወይን ተክል ነው። ግን እንቅብ ማለቷ አያስፈርድባትም። ግንዱ መሬት ላይ ተጠምጥሞ ክብ ሠርቷል። ቅርንጫፎቹ ዙር በዙር ላይ ተደራርበዋል፤ መሐሉ ጎድጓዳ ነው። ቅጠሉ ደግሞ እንደ ክዳን ከላይ ሸፍኖታል። የዘጠኝ ዓመት ልጄ ቅጠሉን ገለጥ ስታደርገው ውስጡ ወርቃማ የወይን ዘለላዎች ተኝተዋል፤ ዶሮ የታቀፈችው እንቁላል ይመስላሉ። በዙሪያችን እንዲህ ያሉ ቅርጫቶች ግራጫ አሸዋ ላይ ተበትነዋል። ከእነሱ ማዶ ባሕር ነው።

ያለነው ሳንቶሪኒ ነው፤ ነጫጭ ቤቶቿንና ሰማያዊ ጉልላቶቿን በካላንደርና በሰርግ ፎቶ ላይ የምናውቃት የግሪክ ደሴት። እኛን ያመጣን ግን ፎቶው አይደለም። ታናሽ እኅቴ አቴንስ ከገባች አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ከዚህ ውስጥ አሥራ አንዱን ዓመት አንዲት አሮጊት ስትንከባከብ ኖራለች። ሴትዮዋ የሳንቶሪኒ ሰው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1956 ደሴቷን ያፈራረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ወደ ዋናው ምድር ካሰደዳቸው ብዙ ወጣቶች አንዷ ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ሲያርፉ ዓይናቸውን የከደነችው እኅቴ ናት። ሰባ ዘጠኝ ዓመት የሆናቸው ታናሽ ወንድማቸው ዛሬም ደሴቷ ላይ ወይን ያለማሉ። «እናትሽን ሳላይ እንዳልሞት» ብለው በየዓመቱ ሲጠሩን ቆይተው ዘንድሮ ተሳካ። ስማቸውን ጠርተን አናውቅም፤ ግሪኮች የሸመገለን ሰው «ባርባ» ይሉታል፣ እኛ «ጋሼ» እንደምንለው። እኛም እንደዚያው አልናቸው።

ከአቴንስ ወደብ ከፒሬየስ ተነስተን በዝግታው መርከብ ስምንት ሰዓት ያህል ተጓዝን። ፈጣኑ አምስት ሰዓት አካባቢ ይፈጅበታል፤ ግን ዋጋው ከፍ ይላል፣ ማዕበል ሲኖርም ሆድ ያናውጣል። እማዬ መቁጠሪያዋን ይዛ መስኮት ሥር ተቀመጠች። ደሴቷ ስትታይ መቁጠሪያው ቆመ። ከባሕሩ ቀጥ ብሎ የወጣ ጥቁር፣ ቀይና ነጭ ገደል፣ ከአፋፉ ላይ የተደረደሩ ቤቶች። «ምነው፣ ሜዳ አጥተው ነው?» አለችኝ።

ሜዳውማ ነበር። ከ3ሺህ 600 ዓመት ገደማ በፊት አንድ ግዙፍ እሳተ ገሞራ የደሴቷን መሐል አፈንድቶ ባሕር አስገባው። ዛሬ የምናየው ግማሽ ክብ የዚያ አፍ ጠርዝ ነው። አክሮቲሪ የሚባለውን ጥንታዊ ከተማ አመዱ እስከ ጣሪያው ቀብሮት ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1967 ሲቆፈር ፎቅ ቤቶቹ፣ በግድግዳ ላይ የተሣሉ ሥዕሎቹና ማሰሮዎቹ ወጡ። ለልጆች ከዚህ የተሻለ የታሪክ ትምህርት አይገኝም፤ ቦታው ጣሪያ የተሠራለት ስለሆነ ፀሐይም አያስጨንቅም።

የወይኑም ነገር የሚጀምረው ከዚያ አመድ ነው። አፈሩ አመድ፣ አሸዋና ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ቀላል ባለ ቀዳዳ ድንጋይ ነው። ዝናብ የሚጥለው ክረምት ላይ ብቻ፣ እሱም ጥቂት ነው። በጋውን ሙሉ ጠብታ የለም። ባርባ አንዱን ድንጋይ አንስተው ልጄ መዳፍ ላይ አስቀመጡላት። በእኅቴ አስተርጓሚነት «ይኼ ስፖንጅ ነው» አሏት። ሌሊት ከባሕር የሚነሳው ጉምና ጤዛ እነዚህ ቀዳዳዎች ውስጥ ይገባል፤ ሥሩ ቀን ከዚያ ይጠጣል።

እንቅቡ ደግሞ ለነፋስ ነው። ነሐሴ ላይ ሜልቴሚ የሚሉት የሰሜን ነፋስ ይነሳል። ባርኔጣዬን ሁለት ጊዜ ወስዶብኛል። ወይኑ እንደ ሌላ አገር በእንጨትና በሽቦ ቆሞ ቢያድግ ነፋሱ አሸዋ እየረጨ አበባውንም ፍሬውንም ይገፈው ነበር። ስለዚህ ገበሬው በየዓመቱ ክረምት ላይ ሲገርዝ ያስቀረውን ቅርንጫፍ ባለፈው ዓመት ክብ ላይ ይጠመጥመዋል። «ኩሉራ» ይሉታል፤ ክብ ማለት ነው። ቅርጫቱ በዓመት አንድ ዙር እየጨመረ ያድጋል። ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ሲያረጅ ከላይ ይቆረጥና ያው የድሮው ሥር አዲስ ግንድ ያወጣል። ከመሬት በታች ያለው ሥር ከባርባ አያት አያት ይበልጣል።

እዚህ ላይ እማዬ የስፌት ሴት መሆኗን ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ሳሎኔ ውስጥ ያለውን መሶብ የሰፋችው እሷ ናት። ባርባ አንድ የተቆረጠ ቅርንጫፍ አንስተው አጠማዘዙን ሲያሳዩዋት ከእጃቸው ተቀበለችና በግራ በኩል አዙራ አስገባችው። ሽማግሌው ሳቁ። «አንቺ ሴትዮ ጥር ላይ ነበር መምጣት የነበረብሽ» አሏት።

የሳንቶሪኒን ወይን ልዩ የሚያደርገው ሌላም ነገር አለ። በ19ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ፊሎክሴራ የተባለች ሥር የምትመጥ ጥቃቅን ተባይ ከአሜሪካ ገብታ የአውሮፓን የወይን እርሻ አውድማለች። ፈረንሳይም ሌሎቹም የዳኑት የራሳቸውን ወይን ተባዩን በሚቋቋም የአሜሪካ ወይን ሥር ላይ እየከተቡ ነው። እስከ ዛሬ የዓለም ወይን በአብዛኛው በተውሶ ሥር የቆመ ነው። ሳንቶሪኒ ግን ተባይዋ በአሸዋዋ ውስጥ መኖር አልቻለችም። እዚህ ተክሉ በገዛ ሥሩ ነው። አንዱ ሲሞት ደግሞ ችግኝ አይገዛም። የጎረቤቱ ተክል ረጅም ቅርንጫፍ ጎንብሶ አሸዋ ውስጥ ይቀበራል፤ ከእናቱ ሳይለይ ሥር ያወጣል፤ ራሱን ሲችል ይቆረጣል።

ዋናው የደሴቷ ነጭ ወይን አሲርቲኮ ይባላል። ፀሐይ እንዲህ እያቃጠለችው እንኳ ጎምዛዛነቱን አይለቅም። ቀዝቅዞ ሲቀርብ የሎሚ ጣዕም አለው፣ ከኋላው ጨው የነካው የሚመስል ነገር ይመጣል። እኔ የወይን ጠጅ አዋቂ አይደለሁም፤ ቤታችን ለእንግዳ ከሚከፈተው በቀር ብዙም አንጠጣም። ግን ከተጠበሰ ዓሣ ጋር ሲቀርብ ለምን እንደሚመሰገን ወዲያው ይገባል። ዛሬ አሲርቲኮ በዋናው የግሪክ ምድርና በአውስትራሊያ ሳይቀር ተተክሏል። አይዳኒና አቲሪ የሚባሉት ደግሞ ለስለስ ያሉ ናቸው፤ ብዙውን ጊዜ ከእሱ ጋር ይቀላቀላሉ። ከቀዮቹ ማቭሮትራጋኖ ታሪኩ ይገርማል። ፍሬው ትንሽ፣ ምርቱ ጥቂት ስለሆነ ገበሬው እየተወው ሊጠፋ ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ፓሪስ ሲጋላስና ሃሪዲሞስ ሃትዚዳኪስ የተባሉ ጠማቂዎች የተረፉትን እየለቀሙ ለብቻው ጠመቁት። ዛሬ ከደሴቷ ውድ ጠርሙሶች አንዱ ነው።

መቅመስ ለምትፈልጉ፣ ፒርጎስና ሜጋሎሆሪ በሚባሉት መንደሮች አካባቢ ብዙ ጠማቂዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1947 የተመሠረተው የገበሬዎቹ የኅብረት ሥራ ማኅበር ገደሉ አፋፍ ላይ ሰፊ በረንዳ አለው። እኔ ግን ጠዋት መሄድን እመክራለሁ። ከሰዓት በኋላ ከመርከብ የሚወርደው ሕዝብ ቦታውን ገበያ ያደርገዋል። ጀምበር ስትጠልቅ ኢያ መንደር ላይ ያለውን ግፊያ ደግሞ ተዉት፤ ባርባ በረንዳ ላይም ያችው ፀሐይ ናት የጠለቀችው።

እማዬ ይህን ሁሉ አልቀመሰችም። ፍልሰታ ነዋ። የደረስነው ነሐሴ 8 ነው፤ በማግስቱ የግሪኮቹ የእመቤታችን በዓል ሆነና ጾማቸው ተፈታ። ደወል ተደወለ፣ መንደሩ ሙሉ ጠረጴዛ ወጣ። የእኛ ፍልሰታ ግን እስከ 16 አንድ ሳምንት ይቀረዋል። ባርባ ግራ ገባቸው። «ያችው ማርያም አይደለችም?» ብለው እኅቴን ጠየቁ። እማዬ «ንገሪያቸው፣ የእኛ ቀን መቁጠሪያ ረጋ ያለ ነው በያቸው» አለች። ለጾመኛ ግን ሳንቶሪኒ አታስቸግርም። የደሴቷ ትንንሽ ቲማቲም ተከትፎ ይጠበሳል፣ ነጭ ደበርጃን አለ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ፋቫ። ቢጫ፣ ተፈጭቶ የላመ፣ ሽንኩርትና ዘይት ጣል የተደረገበት። «ክክ አልጫ ነው እኮ!» አለች እማዬ። ክኩ የጓያ የቅርብ ዘመድ መሆኑን የነገርኳት በልታ ከጨረሰች በኋላ ነው፤ ቀድሜ ብነግራት «እግር ያስራል» ብላ አትነካውም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ባርባ ወደ ቤታቸው ጣሪያ አወጡን። ጣሪያው ሙሉ ወይን ተሰጥቶበታል። ከተለቀመ ስድስት ቀኑ ነው፤ ወርቃማው ፍሬ ወደ ቡናማ ሄዷል፣ ቆዳው ተጨማዷል። ሁለት ሳምንት ያህል ፀሐይ ከጠጣ በኋላ ይጨመቅና በርሜል ውስጥ ቢያንስ ሁለት ዓመት ይተኛል። ቪንሳንቶ የሚባለው ጣፋጩ ወይናቸው ይኼ ነው። ድሮ በመርከብ ወደ ሩሲያ እየሄደ አብያተ ክርስቲያናት ለቁርባን ይጠቀሙበት ነበር።

እኅቴ ይህን ስትተረጉም እማዬ ቀስ ብላ ተንበረከከች። ጉልበቷ ያማታል፤ ለመነሳት ሰው ያስፈልጋታል። «ዘቢብ ነው» አለች። አርባ ዓመት ሙሉ ከመርካቶ ዘቢብ እየገዛች ከጧፍና ከዕጣን ጋር ለቤተ ክርስቲያን ትሰጣለች። ዲያቆናቱ ቤተልሔም ውስጥ አርሰው እንደሚጨምቁት ታውቃለች። ከመርካቶው ማዳበሪያ በፊት ያለውን ግን አይታ አታውቅም። ወይን እንዴት ዘቢብ እንደሚሆን የሰባ አንድ ዓመት ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ አየች። ባርባ እፍኝ ሙሉ አንስተው ሲሰጧት አልቀመሰችም፤ ገና ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም። ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።

«እናንተስ የራሳችሁ ወይን አላችሁ?» ብለው ጠየቁ ባርባ። ዝዋይ የተተከለው ሜርሎና ሲራ ከፈረንሳይ የመጣ ዘር መሆኑን ላስረዳ ስል እማዬ ቀደመችኝ። «ማርና ጌሾ አለን» አለች።

ያን ዕለት ማታ ነው የመሬቱን ጉዳይ የነገሩን። ያላቸው ስድስት ስትሬማ ነው፤ አሥሩ ስትሬማ አንድ ሄክታር ነው። የደሴቷ ወይን በጠቅላላው ዛሬ አንድ ሺህ ሄክታር አካባቢ ነው፤ በየዓመቱም ይቀንሳል። ያለፉት የድርቅ ዓመታት ምርቱን ክፉኛ ጎድተውታል። ከባርባ ማሳ በላይ ያለው እርሻ የመዋኛ ገንዳ ያለው የእንግዳ ቤት ሆኗል። ገዢ መጥቷል። አቴንስ ያለው ልጃቸው «ሽጠው፣ ጎንበስ ብለህ መልቀም ይብቃህ» ይላል። ልጁን ክፉ ነው ለማለት አልደፍርም፤ እኔም እናቴን ጎንበስ ብላ ስታጥብ ሳይ የምለው ይህንኑ ነው። ደግሞም የወይኑ ዋጋ ምንም ቢጨምር ከገንዳው አይደርስም። ግን አንድ ጊዜ ሲሚንቶ የፈሰሰበት መሬት ሥር እንደገና እንቅብ አያበቅልም። «እኅቴ ብትኖር ምን ትል ነበር?» ብለው እኅቴን ጠየቋት። አሥራ አንድ ዓመት አብራ የኖረች እሷ ናታ። እኅቴ ብዙ ዝም አለች። «ሁልጊዜ ስለዚህ ማሳ ነበር የምታወራኝ» አለቻቸው በመጨረሻ። ከዚያ በኋላ ስለ ሽያጩ ያነሳ ሰው አልነበረም።

ለመሄድ ላሰባችሁ፦ የሼንገን ቪዛ ቀጠሮ ቀደም ብላችሁ ያዙ፤ ነሐሴ ላይ ሆቴል አይቀመስም። መስከረም ይሻላል፣ ባሕሩም ገና ሞቅ ያለ ነው፤ የወይን ለቀማውን ማየት ከፈለጋችሁ ግን ነሐሴ ነው። ልጆች ካሏችሁ ከገደሉ አፋፍ ይልቅ ካማሪ ወይም ፔሪሳ የባሕር ዳር ማረፍ ይሻላል። ከልብስ መሐል የሚቀመጥ ጠርሙስ በደንብ ጠቅልሉ፤ የኛ ከመሰበር የተረፈው በእማዬ ጋቢ ነው።

ነሐሴ 16 አዲስ አበባ ጾሙ ተፈታ። እኅቴ በረንዳ ላይ ሰጥታ ያደረቀችውን ዘቢብ እማዬ ጠዋት ለቤተ ክርስቲያን ሰጥታ ተመለሰች። ከምሳ በኋላ ባርባ ከበርሜላቸው ቀድተው የሰጡንን ቪንሳንቶ ከፈትን። ብርጭቆ አልፈለገችም፣ በብርሌ ነው ያለችው። ቀለሙ የጥቁር ማር ነው። ጠጣች፣ ዝም አለች፣ እንደገና ጠጣች። «ጌሾ ጎድሎታል» አለች። ቀጥላም ብርሌዋን አቀረበች።

ማታ እኅቴ ደወለች። ባርባ ገዢውን «ከግርዛቱ በኋላ ተመለስ» ብለውታል። ጥር ላይ የሚያግዛቸው ሰው ስለሌለ የዓመት ፈቃዷን ያኔ ልትወስድ ነው። እማዬ ስልኩን ዘግታ ከስፌቷ ዕቃ መሐል ወስፌዋን አወጣችና «ይኼን ላኪላት» ብላ ሰጠችኝ።

«እማዬ፣ በእጅ ነው እኮ የሚጠመጠመው።»

«ላኪላት አልኩሽ።»