ለእርጅና የተቀመጠ ማዕድ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን፥ በእሑድ ቅዳሴ፥ የመቅደሱ መጋረጃ ተገልጦ ቅዱስ ሥጋውና ክቡር ደሙ ሲወጣ ወደ ፊት የሚቀርበውን ሰው ያስተዋለ እንደ ሆነ፥ በብዙ ደብር የሚያየው በእናቱ እቅፍ ያለ ሕፃንንና በምርኵዝ የሚሄድ ሽማግሌን ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ብዙው ጐልማሳ፥ ያገባውና የወለደው፥ ነጋዴውና ገበሬው፥ ነጠላውን አጣፍቶ በሩቅ ቆሞ ይመለከታል። እንደዚህ የሚያደርገው ክርስቶስን ስላልወደደ አይደለም። ከመውደዱና ከመፍራቱ ብዛት የተነሣ ይመስላል፤ ነገር ግን ነገሩ ጠልቆ ሲመረመር ሌላ ምክንያት ይገኝበታል።

ወንድ ልጅ በተወለደ በ40 ቀን፥ ሴት ልጅ በ80 ቀን ይጠመቃሉ፤ በዚያውም ቀን ይቈርባሉ። ስለዚህ ብዙ ምእመን ወደ ጌታው እጅግ የቀረበበት ዘመን ነፍስ ያላወቀበት ዘመን ነው። ልጁ አድጎ ድምፁ ሲጐረንን ከቈራቢዎቹ ልጆች መካከል ይወጣል። ማንም ውጣ ያለው የለም፤ ታላቅ ወንድሙ እንደዚያ ሲያደርግ አይቶ ነው። ከዚያ ወዲያ ጾሙን ይጾማል፥ ዳዊቱን ይደግማል፤ በየወሩ በ12 በሚውለው የቅዱስ ሚካኤል ማኅበር ተራው ሲደርስም ጠላ አስጠምቆ፥ ዳቦውን በካህን አስባርኮ ጎረቤቱን ሁሉ ያበላል። የሚያስደንቀውም ይህ ነው፤ በቅዱሱ ስም ሌላውን ወደ ማዕድ የሚጠራ ሰው፥ እርሱ ራሱ ወደ ተጠራበት ማዕድ ሳይሄድ 40 ዓመት ይቀመጣል።

ስለ ምን ቢሉት ‹‹እኔ ኃጢአተኛ ነኝ፥ አይገባኝም›› ይላል። ቃሉ መልካም ቃል ነው። በወንጌል እንደ ተጻፈው መቶ አለቃው ጌታን ከቤቱ ጣራ በታች ለማስገባት የማይገባው መሆኑን ተናግሯል፤ ዳሩ ግን ይህን የተናገረው ለብላቴናው መዳንን ሊለምን ከመጣ በኋላ ነው። ጴጥሮስም መረቡ በዓሣ በተሞላ ጊዜ ጌታ ከእርሱ እንዲርቅ ለምኗል፤ ነገር ግን ይህን ሲል በጌታ ጕልበት ፊት ወድቆ ነበር። አፉ ራቅ ሲል ሰውነቱ ቀርቧል። የዛሬው ሰው ቃሉን ከጴጥሮስ ወስዶ እግሩን ወደ ደጅ አቅንቷል።

የዚህ ርቀት ሥር ብዙ ጊዜ በጋብቻ ውስጥ ይገኛል። በሰማንያ የተጋቡ ባልና ሚስት ቢጣሉ ሽማግሌ ተቀምጦ፥ ንብረት አካፍሎ ሊለያያቸው ይችላል፤ በቍርባን የተጋቡ ግን እስከ ሞት እንዳይለያዩ ቃል የገቡ ናቸው። ባለትዳርም ቢሆን ከሚስቱ ጋር አንድ ሆኖ ይቀርባል እንጂ ለብቻው አይቈርብም። እንግዲህ ባልዮው ‹‹አይገባኝም›› ሲል የሚፈራው ማንን ነው? የመለኮትን እሳት ነውን? ወይስ ሚስቱን ላይለቅ መታሰሩን? ክርስቶስን ያከበረ እየመሰለው ለራሱ አንዲት በር ክፍት ትቶ ይኖራል። በበሩ ምናልባት እስኪሞት አይወጣበትም፤ ነገር ግን እንዲዘጋ አይወድም። ራሱን ለሚስቱ ሙሉ ለሙሉ ያልሰጠ ሰው ለጌታው ሲሰጥ እጁ እንዴት ይዘረጋለታል?

ፍርሃቱን ማቃለል ግን አይገባም። ከመቍረብ በፊት 18 ሰዓት መጾም፥ ከተጣሉት ጋር መታረቅ፥ ኃጢአትን ለንስሐ አባት ነግሮ ቀኖናውን መፈጸም፥ ከቈረቡም በኋላ አፍን በነጠላ ሸፍኖ መሄድ፤ ይህ ሁሉ ታላቅ እንግዳን ለመቀበል ቤትን እንደ መጥረግ ነው። ቤቱን ዕድሜውን ሙሉ ሲጠርግ ኖሮ እንግዳውን ሳያስገባ የሚሞት ሰው ግን ምን ይባላል?

የንስሐ አባቱም ነገር አለ። በብዙ ቤት ለተዝካር ይጠራሉ፥ ቤቱን ጸበል ይረጫሉ፥ ማዕዱን ይባርካሉ፤ ስለ ነፍስ የሚነገራቸው ነገር ግን በጣም ጥቂት ነው፤ እርሳቸውም አልፈው አይጠይቁም። ከ20ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በሰንበት ትምህርት ቤት ያደጉ ብዙ ወጣቶች በተክሊልና በቍርባን መጋባትን መርጠዋል። ስለዚህ በአንዳንድ ቤት ልጅ ከአባቱ ቀድሞ ይቀርባል፤ አባትም በልጁ ሠርግ በሩቅ ቆሞ ያያል።

ነገሩን አስቀድማ የምታነሣው ብዙ ጊዜ ሚስት ናት። ልጆቿን ድራ ከጨረሰች በኋላ ለብቻዋ ወደ ንስሐ አባቷ ትሄዳለች፤ እርሳቸውም ‹‹ልጄ፥ ይህ የሁለት ሰው ነገር ነው፤ ባለቤትሽን ይዘሽ ነዪ›› ይሏታል። በማታ፥ ራት ቀርቦ እጅ ከታጠበ በኋላ፥ ‹‹ለልጆቹ ቀን ቈረጥን፤ ለእኛስ መቼ ነው?›› ትለዋለች። እርሱም እንደ ልማዱ ‹‹ከፋሲካ በኋላ›› ሊል ይጀምራል። ስንት ፋሲካ እንዳለፈ ግን ሁለቱም ያውቃሉ። የቈረሰውን እንጀራ በእጁ እንደ ያዘ ጥቂት ዝም ይልና፥ ‹‹አባ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይገኛሉን?›› ብሎ ይጠይቃታል።