ፕሮሰሰር ፍለጋ ከደባርቅ ጎንደር

ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በነርስነት ዘመኔ ይህን መንገድ ምጥ ከጠናባት እናት ጋር፣ እግሩ ከተሰበረ ገበሬ ጋር፣ ክትባት በበረዶ ሣጥን ይዤም ተመላልሼበታለሁ። በጡረታዬ ደግሞ የኮምፒውተር ፕሮሰሰር ልገዛ እወርድበታለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልጅ ልጄ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነው። የእናቱ ሥራ አዲስ አበባ ስለሆነ የሚኖረው ከእኔ ጋር ነው። ከትምህርት ቤት ሲወጣ ፕሌይስቴሽን ቤት ጎራ ይልና በየጨዋታው እየከፈለ ኳስ ይጫወታል። 1 ሰዓት ይሆናል፣ 2 ሰዓት ይሆናል፤ እሱ የለም። በነዚህ ዓመታት በእኛ አካባቢ ልጅ ሲያመሽ ቤት ያለ ሰው ምን ምን እንደሚያስብ ለአንባቢ መንገር አያሻኝም። ጋቢዬን ደርቤ በር ላይ ስጠብቀው ያሳለፍኳቸው ምሽቶች ከሌሊት ተረኝነት ይልቅ አስረጅተውኛል። በመጨረሻ "ቤት የምትጫወትበት ኮምፒውተር ብገዛልህ በጊዜ ትገባለህ?" አልኩት። "እገባለሁ እማማ" አለኝ። ዕቁብም ደርሶኝ ነበር።

መንገዱ ሰላም ነው በተባለ ቀን ጧት 12 ሰዓት ላይ ሚኒባስ ተሳፈርን። ዳባትን አልፈን የወገራን የገብስ ማሳዎች እያየን አምባ ጊዮርጊስ ደረስን፤ ብርዱ ጣት ይቆረጥማል። ኮሶዬ ላይ ጉሙ ገለጥ ሲል ገደሉና ቆላው ወለል ብሎ ታየ። ከዚያ መንገዱ ቁልቁል ይወርዳል። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ፣ ጎንደር ደግሞ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆኑ ከተማዋ ስንገባ ሁለታችንም ጃኬታችንን አወለቅን። ልጁ መንገዱን ሙሉ የደጋገመው አንድ ነገር ነው፤ "አይ ሰቨን መሆን አለበት።"

ፒያሳ የገባንበት የመጀመሪያው ሱቅ ባለቤት አላሳፈረውም። ያገለገለ ኮምፒውተር ከመደርደሪያ አወረደና "ማዘር፣ አይ ሰቨን ነው፤ ዓይንዎን ጨፍነው ይውሰዱት" አለኝ። እኔ ደግሞ ዓይኔን ጨፍኜ መድኃኒት ሰጥቼ አላውቅም። "መቼ የተሠራ ነው?" ብለው "አይ ሰቨን ነው እኮ!" ብሎ ደገመልኝ። ቁጥሩን በወረቀት ጻፍኩት፤ አይ ሰቨን 2600 ይላል። ልጁ እያኮረፈ ወጣን።

ከዚያ ከፍ ብሎ አንድ ወጣት ኮምፒውተር የሚጠግንባት ጠባብ ክፍል አለች። ወረቀቷን አሳየሁት። "አይ ሰቨን የሚለው የደረጃ ስም ነው፤ ዕድሜውን የሚነግርዎ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው" አለኝ። 2600 ሁለተኛ ትውልድ፣ እ.ኤ.አ. የ2011 ምርት ነው። 12100 የሚል ቢሆን አሥራ ሁለተኛ ትውልድ ነው፤ ስሙ አይ ስሪ ቢሆንም በጨዋታ ያንን አሮጌ አይ ሰቨን ይቀድመዋል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ሁለተኛ ትውልድን በይፋ አይቀበልም። ለእኔ ወዲያው ገባኝ፤ የመድኃኒቱ ስም ትልቅ ሆኖ ጊዜው ያለፈበት ማለት ነው።

ቀጥሎ ጠየቀን፦ "ምን ዓይነት ጨዋታ ነው? ስንት ብር ይዛችኋል? ሠፈራችሁ መብራት እንዴት ነው?" ደስ አለኝ። በ1970ዎቹ እዚሁ ጎንደር ስማር መምህሮቻችን ሳትጠይቁ አትዘዙ ይሉን ነበር።

ሁለት አማራጭ አቀረበልን። አንዱ የኢንቴል ኮር አይ ፋይቭ 12400ኤፍ ነው። ኤፍ የምትለዋ ፊደል "ምስል የሚያወጣ ክፍል የለውም" ማለት ስለሆነች ግራፊክስ ካርድ ለብቻው መግዛት ግድ ነው። ሌላው የኤኤምዲ ራይዘን 5 5600ጂ ነው። ሁለቱም ባለ ስድስት ኮር ናቸው፤ ባለ ጂው ግን የግራፊክሱን ሥራ ራሱ ይሠራል። ለኳስ ጨዋታ ይበቃል፤ ከባድ ጨዋታዎችን ግን የምስል ጥራት ቀንሶ ነው የሚያጫውተው። ግራፊክሱ ከራም ላይ ስለሚበደር አንድ ባለ 16 ጊጋባይት ከማድረግ ሁለት ባለ 8 መግዛት ይሻላል። ወደፊት ካርድ ሊጨመርለት ይችላል፤ ያኔ ግን ጂ የሌለው ወንድሙ 5600 በመጠኑ ይበልጠዋል። ይህንንም አልደበቀንም።

ለመምከር ወርደን በፋሲል ግቢ አጥር ሥር ተቀመጥን። ልጁ የፈለገው የመጀመሪያውን ከካርዱ ጋር ነው፤ "በዚያኛው ጓደኞቼ ይስቁብኛል" አለኝ። እኔም ፈራሁ። በርካሽ ገዝቼ ካልወደደው ተመልሶ ፕሌይስቴሽን ቤት ነው፤ ገንዘቤም ልጄም ውጭ አመሹ ማለት ነው። ስለዚህ ብሩን ከመቀነቴ ፈትቼ እጁ ላይ አስቀመጥኩና "አንተ ምረጥ" አልኩት።

ብዙ ዝም አለ። ከአጥሩ ባሻገር ግንቦቹ ይታያሉ። ፋሲለደስ የራሱን ሠራ፤ ዮሐንስ፣ ኢያሱ፣ ዳዊት፣ በካፋ፣ ምንትዋብ እየተከታተሉ የየራሳቸውን በዚያው ግቢ ጨመሩ። እሱ ስለ ነገሥታቱ ያስብ አያስብ አላውቅም። በኋላ ግን እንዲህ አለኝ፦ "እማማ፣ ካርዱን ከገዛን ለዩፒኤስ አይተርፈንም። ደባርቅ ደግሞ መብራት ይጠፋል። ባለ ጂውን እንውሰድ፤ ካርዱ ሌላ ጊዜ ይጨመራል።"

ጠጋኙ ሲገጥም አጠገቡ ቆሜ አየሁ። በፕሮሰሰሩ ላይ እንደ ቅባት ያለ ነገር ቀብቶ ማቀዝቀዣውን ጫነበት። በጣም ከሞቀ ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን እንደሚቀንስ ነገረን። ደባርቅ ብርድ ቢሆንም አየሩ ከባሕር ጠለል ካለው በሩብ ገደማ የሳሳ ነው፤ ያው ፋን በዞረ ቁጥር የሚነካው አየር ያንሳል። ስለዚህ ከከሰል ምድጃና ከግድግዳ ራቅ አድርገን፣ አቧራውን እየጠረግን ነው የምንይዘው።

ከመጣ አምስት ወር ሆነው። ጩኸቱ ያሰለቻል፤ ስለ ጥናትም አሁንም እንነታረካለን። የሳቀበት ጓደኛ ግን የለም። እንዲያውም ሦስቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ፤ ሲመሽባቸው መደብ ላይ አንጥፌላቸው እዚሁ ያድራሉ። የገብስ ቆሎ እቆላለሁ፤ ከመተኛቴ በፊት እንደ ዋርድ ዘመኔ ዞሬ እቆጥራቸዋለሁ።

ማታ 2 ሰዓት ላይ ስልኬ ይጮሃል። "ሲስተር፣ ልጄ እርስዎ ጋ ነው?" ትለኛለች አንዷ እናት።

"እዚሁ ነው፤ ተኚ" እላታለሁ።