ከታቦር የሚወርድ ቃል

ወደ ሐዋሳ የመጣ እንግዳ ታቦርን ሳያይ አይመለስም። ቁመቱ የሚያስፈራ ተራራ አይደለም፤ ይሁንና ከላዩ ላይ የቆመ ሰው ሐይቁን በአንድ ወገን፣ ከተማይቱን በሌላ ወገን ይቃኛል። ስሙ ግን ከቁመቱ እጅግ ይበልጣል። ጌታ ብርሃነ መለኮቱን ገለጠበት ተብሎ በትውፊት የሚታመነው፣ እኛም ነሐሴ 13 ቀን በቡሄ ጭፈራና በሙልሙል ዳቦ የምናስበው የገሊላው ተራራ ስም ነውና።

በታኅሣሥና በሐምሌ 19 ቀን ለቅዱስ ገብርኤል ክብረ በዓል የሚመጣው መንገደኛ ባዶ እጁን መመለስ አይወድም። አንዱ መቁጠሪያ ይገዛል። ሌላው የሲዳማ ቡርሳሜ የሚቀርብበትን የሸክላ ዕቃ፣ ሻፌታን፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ይይዛል። እናቶች ደግሞ ቅጠል ወደሚሸጥበት ጎራ ይላሉ፤ ዳማከሴ፣ ጤናዳም፣ አሪቲ። ሸክላው ካልተሰበረ ዕድሜ ልክ ይኖራል። ቅጠሉ ግን ከቤት ሳይደርስ ይጠወልጋል። እኔን የሚያሳስበኝ ይኸው የሚጠወልገው ነው።

አንድ ቀን ዳማከሴ ስገዛ ሻጯን እናት፣ «እማማ፣ አፍልቼ ልጠጣው?» አልኳቸው። «የለም ልጄ፣ እሳት አታሳየው! በመዳፍህ አሽተህ ጨምቀው፤ ጭማቂውን በቡና ትጠጣዋለህ» አሉኝ። ምች ለመታው ሰው በየቤቱ የሚደረግ ነገር ነው። ቅጠሉን በጥቂት ብር ገዛሁ፤ ቃሉን ግን ምርቃት አድርገው ሰጡኝ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ምርቃት አትናቀው። ከ1,600 ዓመታት በፊት ጌ ሆንግ የተባለ ቻይናዊ የታኦ እምነት ሊቅ ነበረ። የዕድሜውን ማምሻ ያሳለፈው ታኦአውያን እንደ ቅዱስ በሚያከብሩት በሉኦፉ ተራራ ነው። በጻፈው የመድኃኒት መጽሐፍ ውስጥ ስለ አንድ የአሪቲ ዘመድ ሲናገር፣ ቅጠሉን በውኃ ዘፍዝፈህ፣ ጨምቀህ ጭማቂውን ጠጣ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1971 ቱ ዩዩ የተባለች ተመራማሪ የወባ መድኃኒት ስትፈልግ ይህን ምክር አነበበች፤ ሙቀት የቅጠሉን ኃይል ሳያጠፋው እንዳልቀረ ጠረጠረች። በዝቅተኛ ሙቀት ደግማ ሞከረችው፤ ተሳካላት። አርቴሚሲኒን እንዲህ ተገኘ፤ እርሷም በ2015 የኖቤል ሽልማት ተቀበለች። ቅጠሉ በቻይና ሜዳ ሁሉ ነበረ፤ መንገዱን ያሳያት ግን አብሮት የተጻፈው ቃል ነው።

እኛስ? ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ አካባቢ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ሳይንሱ የተጀመረው ከአጣቢዎቹ የዘወትር ሥራ ነው።

ነገር ግን የመድኃኒት አዋቂን «ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ» እያልን ስንሰድብ የኖርን ሕዝብ ነን። የተሰደበ ሰው ደግሞ ይደብቃል። ዕውቀቱ ከአባት ወደ አንድ የተመረጠ ልጅ በሹክሹክታ ያልፋል፤ ከተነገረ ኃይሉ ይጠፋል ይባላል። አያቴ ከሰሜኑ ደብረ ታቦር ተነሥታ ወደዚህ ወደ ደቡቡ ታቦር ስትመጣ፣ በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችው አንድ ደረቅ ሥር ነበረ። ዛሬም ከሣጥኗ ውስጥ አለ። ስሙን የሚያውቅ፣ ለምን እንደሚሆን የሚናገር ግን ከቤታችን አንድም ሰው የለም። እርሷ ካረፈች በኋላ እናቴ ቋጠሮውን ፈታች፤ አሸተተችው፤ መልሳም ቋጠረችው። መጣሉን አልደፈረችም፤ መጠቀሙንም አላወቀችበትም።

በወንጌል እንደ ተጻፈው፣ ጴጥሮስ በተራራው ላይ ዳስ ሠርቶ መቅረት ፈልጎ ነበር፤ አልሆነለትም። ሦስቱም ደቀ መዛሙርት ምንም ሳይዙ ወረዱ። ይዘው የወረዱት ምሥጢር ብቻ ነው፤ ያም ምሥጢር ቀጠሮ ነበረው። እስከ ትንሣኤው ድረስ እንዳይናገሩ ታዘዙ፤ ቀኑ ሲደርስ ግን ተናገሩ፤ በመናገራቸውም እነሆ እኛ ዘንድ ደረሰ። የአያቶቻችን ምሥጢር ግን ቀጠሮ የለውም። ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

ሻጯ እናት ነገራቸውን በማስታወሻዬ ስጽፍ አይተው፣ «ልትነግድበት ነው?» ብለውኛል። ጥያቄያቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የድኻ ዕውቀት ሲዘረፍ ኖሯልና። ስለዚህም ነው በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የማኅበረሰብ ዕውቀት ባለቤት ራሱ ማኅበረሰቡ መሆኑን የደነገገው። «አይደለም እማማ፣ እንዳይጠፋ ነው» አልኳቸው። ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም ከአሪቲው አንድ ዘለላ አንሥተው፣ «እንግዲያውስ ይኸንንም ጻፍ» አሉኝ።

ወዳጄ ሆይ፣ ከታቦር ስትመለስ ሻፌታውንም ቅጠሉንም ያዝ። ግን ከመነሣትህ በፊት ጠይቅ፤ የነገሩህንም ከነተናጋሪው ስም ጻፍ።

ቸር እንሰንብት።