የደመናው አማካይና የአባታችን ጤፍ

እኛ የሕክምና ተማሪ እንጂ የአየር ጠባይ አዋቂ አይደለንም። ስለ ደመና ለመጻፍ ብዕር ማንሣታችን የማኅበራችንን አባላት ቢያስገርም አንፈርድም። ነገሩ የጀመረው ካቻምና ኅዳር ነው። አባታችን በጅሩ ሜዳ ጤፋቸውን አሳጭደው፣ ሰብሉ ገና ማሳው ላይ እንደ ተኛ፣ ስልክ ደወሉ።

«ልጄ፣ ያ የእጅህ መሣሪያ ስለ ዝናቡ ምን ይላል? ዛሬውኑ ደቦ ጠርቼ ልከምረው ወይስ እስከ ቅዳሜ ይድረቅልኝ?»

ስልካችንን ከፍተን አየን። ለዚያ አካባቢ የተጻፈው ከግማሽ ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ካፊያ ነበር። «አይዞዎት አባዬ፣ አቧራ እንኳ አያስተኛም፤ ይድረቅ» አልናቸው። ሐሙስ ሌሊት ዶፍ ወረደበት። ከወንዙ ማዶ ያለው የጎረቤት ማሳ ላይ ግን ጠብ አላለም። የእኛ ጤፍ እኩሌታው ረገፈ፣ የቀረውም ጠቆረ። አባታችን አንዲት የወቀሳ ቃል አልተናገሩንም፤ የባሰብንም ይኸው ነው።

ትንበያውን ስንራገም የሰማ፣ የአየር ጠባይ ሳይንስ የሚያጠና የመኝታ ክፍል ጓደኛችን፣ «አልዋሸህም፤ ያልጠየቅኸውን ነው የመለሰልህ» አለን። ተናደድን። ሲያስረዳን ግን እውነቱን ነው።

ኮምፒዩተሩ ምድርን በሣጥን በሣጥን ይከፍላታል። የአውሮፓው የመካከለኛ ጊዜ የአየር ጠባይ ትንበያ ማእከል ዋናው ሞዴል እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የሚሠራበት ሣጥን ጎኑ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ባለ አንድ ሣጥን ውስጥ የጅሩ ሜዳና ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወደ ጀማ ወንዝ የሚወርደው ገደል አብረው ሊገቡ ይችላሉ። የአባታችን ማሳም፣ የጎረቤቱም፣ የጦጣውም ገደል በአንድ ቁጥር ይጠራሉ ማለት ነው።

አንድ የደመና ቅንጣት ስፋቷ 20 ማይክሮን ገደማ ቢሆን ነው፤ በማይክሮስኮፕ የምናየውን ቀይ የደም ሕዋስ ሦስት እጥፍ እንኳ አትሞላም። 2 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት አንዲት የዝናብ ጠብታ እንድትገኝ አንድ ሚሊዮን ያህል እንዲህ ያሉ ቅንጣቶች መዋሐድ አለባቸው። መዋሐዱ የሚፈጥነው ደመናው በወፈረበት ስፍራ ነው፤ በሳሳበት ቅንጣቶቹ እምብዛም ሳይገናኙ ይንሳፈፋሉ። ኤድዊን ኬስለር የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው ቀመር ይህን በቀላሉ አስቀምጦታል፦ የደመናው ውሃ ከአንድ ልክ ሲያልፍ ወደ ዝናብ መለወጥ ይጀምራል፣ ከልኩ በታች ከሆነ ግን ምንም የለም።

ልኩ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ 0.5 ግራም ነው እንበል። የሣጥኑ እኩሌታ 0.8 ግራም ቢይዝና የቀረው እኩሌታ ባዶ ቢሆን፣ አማካዩ 0.4 ይሆናል። በአማካዩ ብቻ ያሰላ ኮምፒዩተር «ዝናብ የለም» ይላል፤ በወፈረው ደመና ሥር የቆመው ገበሬ ግን ይበሰብሳል።

ይህን ስንሰማ አፈርን። አሥር ሕሙማን ከተኙበት ክፍል ገብቶ፣ አንዱ በ40 ዲግሪ ትኩሳት ሲቃጠል፣ ዘጠኙ 36.5 ስለሆኑ፣ «አማካዩ 36.85 ነው፤ ትኩሳት ያለበት የለም» ብሎ የሚወጣ ሐኪም ቢኖር፣ አንደኛ ዓመት ተማሪ እንኳ ይስቅበታል።

ጠበብቱ ይህን ስተውት አይደለም። አንዳንዶቹ ሞዴሎች የዝናቡን አመጣጥ ፍጥነት በማረሚያ ቁጥር ያበዙታል። ሌሎቹ በአማካዩ ፈንታ በሣጥኑ ውስጥ ምን ያህሉ ወፍራም፣ ምን ያህሉ ስስ እንደሚሆን በስርጭት ይገምታሉ። ሣጥኑን ማሳነስም አንዱ መንገድ ነው፤ ነገር ግን ጎኑን በግማሽ ስናሳንስ ሥራው ወደ ስምንት እጥፍ ያድጋል፤ ደመናውም በትንሹ ሣጥን ውስጥ መዥጎርጎሩን አይተውም። የአውሮፓው ማእከል እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ቀመሮቹን ራሳቸውን በዕጣ በጥቂቱ እያናወጠ ብዙ ትንበያ ጎን ለጎን ያሠራል፤ ዛሬ ቁጥራቸው 50 ነው።

ትልቁን ነገርማ ያዩታል። በተባበሩት የዓረብ ኤምሬትስ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 16 ቀን 2024 ኸትም አል ሸክላ በተባለ ስፍራ ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ 254.8 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ፣ ብዙ ሰው ደመና በሚያዘንቡ አውሮፕላኖች አሳበበ፤ ሞዴሎቹ ግን ማዕበሉን ከቀናት በፊት አይተውት ነበር። የሚቸግራቸው ከወንዙ ወዲህና ወዲያ ማዶ ያለው ነው። እኛን የሚያበሳጨን፣ እነዚያን ሁሉ ትንበያዎች ደብቆ አንዲት የደመና ሥዕልና አንድ ቁጥር ብቻ የሚያሳየን ስልክ ነው። ቁጥሯን እንደ ላቦራቶሪ ውጤት አምነን ለአባት ማስተላለፋችንም የራሳችን ጥፋት ነው።

ባለፈው ኅዳር አባታችን ደግመው ደወሉ። እኛ ብንሆን አንደውልም ነበር። በጓደኛችን እርዳታ 50ውንም አይተን፣ «አባዬ፣ ከ50 ትንበያ 11ዱ ያዘንባል ይላሉ፤ በሜዳው ይሁን በገደሉ ግን አይለዩትም» አልናቸው።

ጥቂት ዝም አሉ። «ገደሉ ላይማ ከቀትር ጀምሮ ደመና እየተቆለለ ነው፤ እዚህ ሆኜ አየዋለሁ» አሉና፣ ስልኩን ሳይዘጉ የደቦውን ሰው ሲጣሩ ሰማናቸው።