ድስቱን ገልብጡት

እዚህ ጅቡቲ፣ ሄሮን ሰፈር በየቪላው ወጥ ቤት የምትሠሩ እህቶቼ፣ የሥራ ጊዜው አልቆ ወደ አገሩ የሚመለስ ፈረንጅ ዕቃ ሲሸጥ ያን ከባድ ጥቁር ብረት ድስት በርካሽ ገዝታችሁ ቤት የወሰዳችሁ ወንድሞቼ፣ የምትልኩልኝ ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፤ «ይሄ መጋገሪያ የማን ሥራ ነው? ዕድሜውስ?» ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ አንድ ቦታ ልጻፈው። ረዘም ይላል፤ ቡና አፍልታችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ ድስቱን ገልብጡት። የሠሪው ምልክት የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከሥሩ፣ ከክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ወይም ከእጀታው በታች ነው። ጅቡቲ ግን የባሕር ከተማ ናት። ጨው ያዘለው አየር ያልተቀባ ብረት አያተርፍም፤ ፊደሉ ከዝገትና ለዓመታት ከተጋገረ ዘይት ሥር ተቀብሮ ታገኙታላችሁ። ለማጽዳት ብላችሁ እሳት ውስጥ አትጣሉት፤ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃልም። ሙቅ ውሃ፣ ሳሙናና መፈተጊያ ሽቦ ይበቃል። ኢናሜል የለበሰ ከሆነ ሽቦውም ይቅር። ከደረቀ በኋላ ስስ ወረቀት አልብሱትና በከሰል ጎን ቀስ እያላችሁ እሹት። ዓይን ያላየው ፊደል ወረቀቱ ላይ ይወጣል። ባለፈው አንድ እህት ያመጣችው ረጅም የዳቦ መጋገሪያ ላይ በጣት ሲዳሰስ ሸካራ ብቻ የነበረው ቦታ ወረቀቱ ላይ 32 የሚል ቁጥር ሆኖ ወጣ፤ ከአጠገቡም የአንድ ከተማ ስም ግማሹ ተነበበ። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። አሮጌ ብረት ድስት እርሳስ ማቅለጫ ሆኖ የኖረበት ጊዜ አለ። ከውስጡ የተጣበቀ ግራጫ፣ በጥፍር የሚፋቅ ቅሪት ካያችሁ ምግብ አትሥሩበት።

ሄሮን ውስጥ የሚገኘው አብዛኛው የፈረንሳይ ሥራ ነው። በብዛት የምታዩት ለ ክሩዜ ነው። ይህን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1925 ሰሜን ፈረንሳይ ፍሬኗ ለ ግራን በምትባል ከተማ ያቋቋሙት ሁለት ቤልጂጎች ናቸው፤ አርማን ደሳጌር ብረት በማፍሰስ፣ ኦክታቭ ኦቤክ ኢናሜል በማልበስ የተካኑ ነበሩ። ብርቱካንማው የእሳት ቀለም ከመጀመሪያው የእነሱ ነው። 24 ወይም 28 የሚለው ቁጥር ስፋቱን በሴንቲሜትር ይነግራችኋል። ኩዛንስ የሚል ካገኛችሁ ደግሞ ታሪኩን ከ1553 የሚቆጥር የብረት ማፍሰሻ ቤት ነው፤ ለ ክሩዜ በ1957 ገዝቶታል። ከኩዛንስ ድስቶች መካከል ክዳኑ ወደ ውስጥ ጎድጎድ ያለ አለ፤ አሠራሩ የመጣው ክዳን ላይ ፍም ከሚደረግበት ዘመን ነው። ከላይም ከታችም እሳት አድርጎ መጋገር ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ድፎ ዳቦ በኮባ ተጠቅልሎ የሚበስለው እንደዚሁ ነው።

ከፈረንሳዮቹ ሁሉ በላይ እኔን የሚይዘኝ ግን ጎደን የሚለው ስም ነው። ዣን ባቲስት አንድሬ ጎደን የቁልፍ ሠሪ ልጅ፣ ራሱም ብረት ሠራተኛ ነበር። ከቆርቆሮ ይሠራ የነበረውን ምድጃ በፈሰሰ ብረት ሠርቶ ሀብታም ሆነ። ጊዝ በምትባለው ከተማ ለሠራተኞቹ ብርሃንና አየር በደንብ የሚገባበት ትልቅ መኖሪያ፣ ትምህርት ቤትና ቲያትር ቤት ሠራ። በ1880 ደግሞ ፋብሪካውን ለሠራተኞቹ ማኅበር የሚያስተላልፍ ውል አቆመ፤ ማኅበሩም እስከ 1968 ዘለቀ። ስለዚህ በእነዚያ ዓመታት የተሠራ ጎደን ድስት ካገኛችሁ፣ አሸዋውን የጠቀጠቀውና ብረቱን ያፈሰሰው ሰው የፋብሪካውም ባለድርሻ ሊሆን ይችላል። የሚታተመው ስም ግን የአንድ ሰው ብቻ ነበር።

አልፎ አልፎ የአሜሪካ ብረትም ይመጣል። ግሪስወልድ ከፔንሲልቬኒያዋ ኢሪ ከተማ ነው፤ በ1865 ተጀምሮ በ1957 ተዘጋ። በድርብ ክብ ውስጥ መስቀል ካለ የእሱ ነው፤ ቀደም ያሉት ላይ ግን የከተማዋ ስም «ኢሪ» ብቻ ነው ያለው። ዋግነር በ1891 ኦሃዮ፣ ሲድኒ ከተማ የተጀመረ ነው። ሎጅ ከ1896 ጀምሮ እስከ ዛሬ ቴነሲ ውስጥ ይሠራል፤ ስም የሌለው አሮጌ መጥበሻ ሥሩ ላይ ያለው ክብ ጠርዝ ሦስት ቦታ ከተቆረጠ ብዙ ጊዜ የሎጅ ነው። ለትናንሽ ዳቦ የሚሆኑ ባለብዙ ጉድጓድ መጋገሪያዎች ከሆኑ ደግሞ ከቀደምቶቹ መካከል የቦስተኑ ናትናኤል ዋተርማን አለ፤ በ1859 ያወጣው የፈጠራ መብት ቀኑ ሳይቀር ብረቱ ላይ ተጽፏል። የአሜሪካ መጥበሻ ላይ ያለው 8 ቁጥር ግን ኢንችም ሴንቲሜትርም አይደለም፤ በእንጨት የሚነድ ምድጃ ላይ ያለውን ክብ ቀዳዳ መጠን ነው የሚያሳየው።

ምንም ጽሑፍ ከሌለስ? ሥሩን እዩት። ቀጥ ብሎ የሚሄድ ቀጭን ጠባሳ ካለ፣ ብረቱ በዚያ በኩል የፈሰሰበት ቦታ ነው፤ እንዲህ ያለው በአብዛኛው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ አያልፍም። ሐሰተኛም አለ። አታላዩ እውነተኛውን ዕቃ አሸዋ ላይ አትሞ ሌላ ያፈስሳል። ብረት ሲቀዘቅዝ ግን ከመቶ አንድ ያህል ይኮማተራል፤ ስለዚህ ቅጂው ከዋናው ያንሳል፣ ፊደሉ ይደበዝዛል፣ ገጹም ይሻክራል። ሜትር ይዛችሁ ሂዱ።

አሁን ወደያዘኝ ነገር ልምጣ። አንዳንድ የአሜሪካ መጥበሻ ላይ ከትልቁ የፋብሪካ ስም ራቅ ብላ አንዲት ትንሽ ፊደል ወይም ነጥብ ትገኛለች። ሰብሳቢዎች የቅርጽ ሠራተኛው ምልክት ናት ይላሉ። የሚከፈለው በሠራው ቁጥር ልክ ስለነበር፣ የእሱን ከሌላው ለመለየት ነው። አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ በጢስና በአሸዋ ውስጥ ቆሞ ከእሱ የቀረው ፊደል ያ ነው። እኔ ድስት በገለበጥሁ ቁጥር ከትልቁ ስም በፊት የምፈልገው እሷን ነው።

የእኛ ምጣድ ሠሪዎች ግን አንዲት ፊደል እንኳ የላቸውም። ጎንደር አጠገብ ወለቃ፣ አዲስ አበባ ቀጨኔ፣ ስንት እናቶች ሸክላውን ቆፍረው፣ የተፈጨ ገል ቀላቅለው፣ በለስላሳ ድንጋይ አሽተው፣ ተኩሰው፣ በጀርባቸው ተሸክመው ገበያ አወጡ። እኛ ገዝተን በጎመን ዘር አሟሸነው፤ እንጀራውን በላን። ባለእጅ የተባለውን ደግሞ ቡዳ ብለን ሸሸነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሙያተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ይናገራል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ፤ የሠሪዎቹን ስም ግን ዛሬም አንጠይቅም።

ምልክት ስለሌለ መለየት አይቻልም የሚለኝን አልቀበልም። እናቴ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ምጣድ ስትገዛ በጣቷ አንኳኩታ ድምፁን ትሰማለች፣ ጠርዙን በመዳፏ ትዞረዋለች፣ ከዚያ «ይሄ የእትዬ እገሊት እጅ ነው» ትላለች። ሠሪዋን በስም ታውቃታለች፤ የልጆቿን ደኅንነት ጠይቃ ነው ዋጋ የምትከራከረው። ያ እውቀት ከማንኛውም የሰብሳቢ መጽሐፍ አያንስም። ልዩነቱ ማንም አለመጻፉ ነው። የወለቃ ቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎች አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1991 ዘመቻዎች ወደ እስራኤል ሲሄዱ፣ የማን ጋን የማን ነው የሚለውን የሚያውቁ ገዢዎችም እያረጁ ሄዱ።

የፈረንሳዩን ድስት አመጣጥ ለማወቅ ወረቀትና ከሰል ይዘን የምንደክመውን ያህል ለራሳችንም እንድከም። ፎቶ መላካችሁን አትተዉ፤ የማውቀውን እመልሳለሁ። ከዚያ በፊት ግን ዛሬ ማታ አገር ቤት ስትደውሉ እናታችሁን ጠይቁልኝ፤ አሁን የሚጋገርበትን ምጣድ የሠራችው ማን ናት? የቱ ሰፈር ናት? በየትኛው ቀን ነው ገበያ የምትወጣው? መልሱን ቀኑን ጨምራችሁ ደብተር ላይ ጻፉት፤ ምጣዱ ሲሰበርም ደብተሩን አስቀምጡት።