የመሬት አደራ

ለንደን የሚኖር የገጠር ልጅ መሬት ይናፍቀዋል። ሳምንቱን ሙሉ የምረግጠው አስፋልትና የባቡር ጣቢያ ደረጃ ነው፤ አፈር የምነካው ቅዳሜ ብቻ ነው። ጎረቤቴ ጡረተኛ እንግሊዛዊ ነው። የብረት ፈላጊ ማሽን (ዲቴክተር) አያያዝ ያስተማረኝ እሱ ሲሆን፣ መኸር ተነሥቶ ማሳው ላይ ገለባ ብቻ ሲቀር አብረን ወደ ኬንት ገጠር እንወጣለን። የመሬቱ ባለቤት ካልፈቀደ ግን አንድ ጋት አፈር አንነካም።

ባለፈው መስከረም ማሽኑ ጠንከር ያለ ድምፅ ሰጠኝ። አፈሩን በትንሽ መቆፈሪያ ከነሣሩ አንሥቼ ጎን ላይ አስቀመጥኩት። ከሥሩ ጥቁር አረንጓዴ የለበሰ ትልቅ መዳብ ወጣ። በጣቴ ላሸው ስል ሽማግሌው እጄን ያዘኝ፤ ዝገቱ ከተፋቀ ምስሉም አብሮ ይሄዳልና። ቤት ወስደን በጥንቃቄ ስናየው በአንድ በኩል የንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ ፊት፣ በሌላው በኩል ባለሦስት ጣት ጦር የያዘች ሴት፣ 1797 የሚል ዓመትም ነበረበት። በበርሚንግሃም የማቲው ቦልተን ፋብሪካ በእንፋሎት ማሽን የተመታ ፔኒ ነው፤ ክብደቱ አንድ አውንስ፣ 28 ግራም ያህል ነው።

ከሳንቲሙ ይበልጥ የገረመኝ የሽማግሌው ደብተር ነው። ማሳው፣ ጥልቀቱ፣ በስልክ የተወሰደው የቦታው ልኬት፣ ሁሉም ተጽፏል። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ገበሬና ቆፋሪ ያገኘውን የሚመዘግቡ ባለሙያዎች በየክልሉ ተመድበዋል፤ እስካሁን ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ዕቃ መዝግበዋል። ከ300 ዓመት በላይ ያስቆጠሩ አሥርና ከዚያ በላይ የመዳብ ሳንቲሞች በአንድ ቦታ ከተገኙ ደግሞ ሕጉ እንደ ውድ ሀብት ስለሚቆጥራቸው በ14 ቀን ውስጥ ማሳወቅ ግዴታ ነው።

የሳንቲሙን ፎቶ ለወንድሜ ልጅ ላክሁለት። የሚኖረው ወሎ፣ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ነው። ወዲያው ደወለ።

«ጋሼ፣ ያንን ማሽን ይዘውልን ይምጡ እንጂ! እዚህ ስንት ጠገራ ብር ተቀብሮ ይሆን!»

አልፈረድኩበትም። አገሩ ታሪክ የሞላበት ነው። ከአርዲቦ የሚወጣው ውሃ ቁልቁል «ሐይቅ» ወደሚባለው ሐይቅ ይወርዳል፤ እዚያ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳም አለ። አምባሰል ውስጥ ደግሞ በ1881 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የጣሊያን ውል የተፈረመበት ውጫሌ ይገኛል። ነጋዴው፣ ወታደሩ፣ ተሳላሚው ሁሉ በዚህ አገር አልፏል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1889 ዓ.ም. ያስመቱት የመዳብ ሳንቲም (የብር መቶኛ) ከመሬት ቢወጣ፣ ገበሬው ከጠገራና ከአሞሌ አልፎ አዲሱን ገንዘብ የት የት እንደተቀበለው ያሳየናል። ያን የሚነግረን ግን የወጣበት ቦታ ሲታወቅ ብቻ ነው።

ለልጁ የአክሱምን ነገር አጫወትኩት። ከ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ከእንዱቢስ ጀምሮ የአክሱም ነገሥታት ወርቅ፣ ብርና መዳብ መትተዋል። ኢዛና ክርስትናን ሲቀበል በሳንቲሙ ላይ የነበረው ጨረቃ ቀርቶ መስቀል ገባ። «ሀገሩ በዚህ ደስ ይበለው» የሚል ጽሑፍ የተቀረጸባቸው ትናንሽ መዳቦች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ስስ ወርቅ ተለብጦባቸዋል። ኢየሩሳሌም ድረስ የተገኙ አሉ። ዝናብ ሲያባራ ከአክሱም ማሳ ተለቅመው ለቱሪስት የተሸጡት ግን ከየትኛው ቤት ፍርስራሽ፣ ከምን ዕቃ ጋር እንደነበሩ ማንም ሊመልሰው አይችልም። ሳንቲሙ አለ፤ ታሪኩ ጠፍቷል።

በአገራችን ሕግም ቢሆን በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈርን ይከለክላል፤ በአጋጣሚ ያገኘም ወዲያው እንዲያሳውቅ ያዛል። ስለዚህ «ማሽኑን አላመጣልህም» አልኩት። «ማረሻ አንድ ነገር ካወጣ አትጠበው፣ አትፋቀው። ከነቦታው ፎቶ አንሣና ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም አሳውቅ።»

«እሺ ጋሼ፤ ላገኘው ሰውዬ ምን ይደርሰዋል?»

ጥያቄው ልክ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ሙዚየም ውድ ሀብት ሲወስድ ዋጋው ተገምቶ ላገኘውና ለመሬቱ ባለቤት ይከፈላል። የኛ ገበሬም ያገኘውን ይዞ ሲመጣ የሚያመሰግነውና የድካሙን የሚከፍለው ከሌለ ነጋዴ ይቀድማል። ከውጭ ሆነን ለትምህርት ቤትና ለውሃ ጉድጓድ እናዋጣለን፤ ለዚህም ማዋጣት አለብን። ደሴ ተቀምጦ ከሐይቅ እስከ አምባሰል ገበሬውን በስም የሚያውቅ፣ ቡና አብሮ የሚጠጣ፣ ያገኘውን የሚመዘግብ አንድ ባለሙያ ይመደብ እንጂ፣ ለደመወዙ ለማዋጣት የመጀመሪያው እኔ ነኝ።